መሸኛ የሌላት ተማሪ

አንድ መስከረም ከሐይቅ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት የምዝገባ መስኮት ፊት አንዲት እናት ቆማ አየሁ። ከወለጋ የተፈናቀለች ናት፤ ልጇን ሦስተኛ ክፍል ልታስመዘግብ ነው። «መሸኛውስ?» አላት መዝጋቢው። «ነፍሴን ይዤ ነው የወጣሁት፤ ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ተቃጠለ» አለችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? መመሪያ ነው» አለና ቀጣዩን ጠራ።

ከዚያ መስኮት እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በመኪና የአፍታ መንገድ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩት እዚያ ነው። እሳቸው ራሳቸው የሐይቅ ተወላጅ አልነበሩም፤ ከዳህና ተነሥተው፣ ትግራይ ደብረ ዳሞ ተምረው የመጡ እንግዳ ናቸው። ከተማሪዎቻቸው ስመ ጥሩው አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የመጡት ከሸዋ ነው። እንግዳ መምህር እንግዳ ተማሪ ተቀበለ፤ ከትምህርት ታሪካችን አንዱ ትልቅ ምዕራፍ እንዲህ ተጀመረ።

ወጪውንስ ማን ቻለው? ገዳም መሬት ነበረው። ከአገር አገር ለሚዞረው የቆሎ ተማሪ ግን በጀቱ የመንደሩ ቁራሽ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ባለቤቲቱ የማን ልጅ እንደሆነ ሳትመረምር ትሰጠዋለች። መምህሩም የሚጠይቁት «የት ደረስክ?» ብለው ነው። በወሎ ይህ የክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም፤ ኪታብ ፍለጋ የወጣውንም ደረሳ የሚያበላው መንደሩ ነበር።

ያንን ዘመን ላቆነጅ አልፈልግም። ተማሪውን ውሻ ይነክሰዋል፣ ረሃብ ይፈጀዋል። ሴት ልጅማ በአብዛኛው ከደጅ ቀርታለች። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የመጣው በሩን ለሁሉም ሊከፍት ነው፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም እስከ አሥረኛ ክፍል በነፃ ይሁን አለ። ነገር ግን የትምህርት ቤት ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ለመቆጠር ደግሞ ወረቀት ይጠየቃል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ቴክሳስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ወረቀት ለሌላቸው የስደተኛ ልጆች ማስተማሪያ ገንዘብ ከለከለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሻረው፤ ልጅ በወላጁ ጥፋት አይቀጣም ነው ነገሩ። እኛም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1110 የስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ እኩል እንዲስተናገድ ደንግገናል። ደግ አደረግን! ታዲያ ድንበር ተሻግሮ ለመጣው የተፈቀደው፣ ከወለጋ ወሎ ለመጣችው የአገር ልጅ በመሸኛ ምክንያት ይከልከል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ የሐይቅና የአምባሰል ሰው ራሱ ልጁን አዝሎ ተሰዷል። ያን ጊዜ ቆሞ መሸኛ ለማጻፍ ማን ፋታ ነበረው?

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይፈልግም። ወረቀቱ እስኪገኝ ልጅቷን ፈትኖ በችሎታዋ መመደብ ነው። መዝጋቢው እንደ ጥንቱ መምህር «የት ደረስሽ?» ብሎ ቢጠይቃት መልሱን ታውቀው ነበር፤ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች።