የኤል.ኢ.ዲ. የፊት መብራት በጉም፣ በበረዶና በጭቃ ወቅት፦ በሐረርና በአካባቢዋ ለሚያሽከረክሩ

የፊት መብራታቸው በኤል.ኢ.ዲ. የሚሠራ ተሽከርካሪዎች በአገራችን መንገዶች እየበዙ መጥተዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪናዎች መስፋፋታቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። መብራቱ ኃይል ይቆጥባል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሆኖም አሽከርካሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጠባይ አለው።

ነባሩ የሃሎጅን አምፖል፣ ለምሳሌ ባለ 55 ዋቱ፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነው። ሙቀቱ ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ስለሚሄድ የመብራቱን ሽፋን ያሞቀዋል፤ በላዩ ያረፈው እርጥበት ወይም በረዶም ቀስ በቀስ ይለቅቃል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን የሚያመነጨው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ ያም ቢሆን የሚወገደው በመብራቱ ጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ የተጣበቀበትም ነገር በራሱ አይወርድም። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች በክረምት ጉዞ መካከል እየቆሙ ከመብራታቸው ላይ በረዶ የሚጠርጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በሐረር እንደ ውጭ አገሩ የሚከመር በረዶ የለም። የኛ ችግር ሌላ መልክ አለው። ከድሬዳዋ ቆላ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት የሚወጣ ተሽከርካሪ በአጭር ርቀት ከሙቀት ወደ ብርድና ጉም ይገባል። ከዚያ በአደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር እስኪደርስ ድረስ፣ በክረምት ዝናቡና ከፊት ያለው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ሽፋኑን ይሸፍኑታል። በደጋው የሚወርደው በረዶም ከጭቃው ጋር ይጣበቃል። በቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል፣ በሐምሌ 19 ቀን፣ ይህ መንገድ ሌሊቱን በእግረኛ ምእመናንና በተሽከርካሪ ይሞላል። የታኅሣሥ 19 ቀን ተጓዦች ደግሞ ማለዳ ሲነሡ በደጋው ላይ ባደረ መኪና ውርጭ ሊያጋጥማቸው ይችላል። በጭቃ የተሸፈነ መብራት የመንገዱን ዳር የሚይዘውን እግረኛ አያሳይም። አሽከርካሪው ግን ከውስጥ ሆኖ ጨረሩ መድከሙን ብዙ ጊዜ ልብ አይልም፤ ዓይን ቀስ በቀስ ይለምደዋልና።

በመሆኑም ከጉዞ በፊትና በረጅም ጉዞ መካከል፣ ከመንገድ ወጥቶ በአስተማማኝ ቦታ በመቆም፣ አራቱን ፍሬቻ በማብራትና ትሪያንግል በማስቀመጥ ሽፋኑን ማጽዳት ያስፈልጋል። የአብዛኞቹ ሽፋን ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ በመሆኑ በቀላሉ ይጫራል። ደረቅ ጭቃ በደረቅ ጨርቅ አይጠረግ፤ አስቀድሞ በውኃ ይራስ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይጽዳ። ውርጭ ሲኖር የፈላ ውኃ ማፍሰስ ሽፋኑን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ለብ ያለ ውኃ በቂ ነው። ቢላዋና ምላጭ አይጠቀሙ። በቤንዚን ማጽዳት በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም ፕላስቲኩን ያደበዝዛል።

በሽፋኑ ውስጥ ቀጭን ላብ ቢታይና መኪናው ሲነዳ ቢጠፋ አያሳስብም። ውኃ ከተጠራቀመ ግን ማሸጊያው ተበላሽቷል፤ ለዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ከመቅረብዎ በፊት ያስጠግኑት።

በጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይጠቀሙ፤ ብርሃኑ በጉሙ ተመልሶ የራስዎን ዓይን ይሸፍናል። አጭሩን መብራት፣ ካለም የጉም መብራቱን ያብሩ፤ ፍጥነትዎንም ዓይንዎ በሚደርስበት ርቀት መቆም እስከሚችሉበት ድረስ ይቀንሱ።

በመጨረሻም፣ ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ማስገባት የጨረሩን አቅጣጫ ያዛባል። በጁገል ጠባብ መንገዶችና በፈረስ መጋላ አካባቢ በእግር የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የተበተነ ብርሃን የፊት ለፊቱን መንገደኛም ሆነ የባጃጅ አሽከርካሪውን ዓይን ያጭበረብራል። አምፖል ከማስቀየርዎ በፊት የተሽከርካሪውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ፤ ካስቀየሩም የጨረሩን ከፍታ በባለሙያ ያስተካክሉ።