በድንጋያችን ላይ የቀረው የመቅደላ ዘመቻ

ከሸጎሌ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው የሚረግጠው ሁሉ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ጎሐ ጽዮን ደርሶ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ግን ነገሩ ይቀየራል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። ኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከዛሬዋ ሶማሊያ አቅጣጫ የመጣ ባሕር እዚህ ድረስ ገብቶ ነበር። ጂፕሰሙ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ ሲተን የቀረ ነው፣ ኖራው ደግሞ የባሕሩ ወለል።

እኔን የያዘኝ ግን የንብርብሮቹ ስም ነው። የአገራችን ጂኦሎጂ ተማሪ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይቆጥራል፦ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ እሳተ ገሞራዎቹ፣ አሸንጌና መቅደላ። እስቲ እነዚህን አራት ስሞች ካርታ ላይ ተከተሏቸው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የናፒየር ጦር የተጓዘበት መንገድ ነው!

አጋጣሚ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነስቶ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው ጦር መድፍና ዝሆን ብቻ አልነበረም የያዘው። ከሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት የመጣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ ነበር። ጦሩ ባለፈበት ሁሉ ድንጋዩን እያየ፣ ወፉንና አውሬውን እየሰበሰበ ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሱን ሠዋ። ብላንፎርድ ያየውን በ1870 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በመጽሐፍ አወጣ፣ ስሞቹም ጸኑ። ኋላማ መንገዱን ትተው ሩቅ ሄዱ። በ1973 እ.ኤ.አ. ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዝ ሲገኝ፣ ጋዙን ካቆሩት ንብርብሮች አንዱ የተጠራው በዚያው በአዲግራት ስም ነው።

የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ስንል የምንቆጥረው ታቦቱን፣ ብራናውን፣ ዘውዱን ነው። ይህኛው የሚመለስ ነገር አይደለም። ስሞቹም ይቀየሩ አልልም፤ የራሳችን ቦታዎች ስም ናቸው፣ ሰውዬውም ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ደግሞም ድንጋዩን መጀመሪያ ያወቀው እሱ አይደለም። የገርዓልታን አሸዋ ድንጋይ ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያነጹ ሰዎች የትኛው ድንጋይ እንደሚጠረብ፣ የትኛው እንደሚፈረፈር ከእሱ በፊት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቅር የሚለኝ፣ ተማሪ «አዲግራት፣ ሕንጣሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ» ብሎ ሸምድዶ ለፈተና ሲቀመጥ የአንድ ወራሪ ጦር የጉዞ ማስታወሻ እያነበበ መሆኑን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው።

ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው ጂፕሰም ከጦሩ መንገድ ርቆ ስለነበር ብላንፎርድ አላየውም። በ1981 እ.ኤ.አ. ያንን ንብርብር አጥንቶ ስም ያወጣለት ኢትዮጵያዊው ጂኦሎጂስት ጌታነህ አሰፋ ነው። በአዲግራትና በሕንጣሎ መካከል ገብቶ ጎሐ ጽዮን ተብሎ ይጠራል።