ከማኒላ የተላከው የፍቅር ደብዳቤ

ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2000) ሐሙስ ነበር። በሆንግ ኮንግና በሌሎች የእስያ ከተሞች ቢሮ ገብተው ኮምፒውተራቸውን የከፈቱ ሠራተኞች ከሚያውቁት ሰው የመጣ ኢሜይል አገኙ። ርዕሱ «አይ ላቭ ዩ» ይላል። መልእክቱ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር አያልፍም፤ የተያያዘውን የፍቅር ደብዳቤ እንዲያዩ ይጋብዛል። ግብዣውን ተቀብሎ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያገኘው ደብዳቤ ሳይሆን የኮምፒውተር ትል ነበር። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘግም የአውሮፓ ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ። ትሉም የሥራ ሰዓትን እየተከተለ በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ።

የኮምፒውተር ትል ራሱን እያባዛ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚሸጋገር ፕሮግራም ነው። በተለምዶ «ቫይረስ» በሚለው የጅምላ ስም ቢጠራም ሁለቱ ይለያያሉ። ቫይረስ በሌላ ፕሮግራም ወይም ሰነድ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ የተለጠፈበት ፋይል ካልተከፈተና ካልተዘዋወረ ባለበት ይቀራል። ትል ግን ለብቻው የቆመ ፕሮግራም ስለሆነ መተላለፊያውን ራሱ ይፈልጋል። መተላለፊያዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ኢሜይል፣ በሶፍትዌር ውስጥ ሳይደፈን የቀረ የኔትወርክ ክፍተት፣ እንዲሁም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ዲስክ ወይም ፍላሽ።

አጀማመሩ ለክፋት አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. ጆን ሾክና ጆን ሃፕ የተባሉ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሥራ የፈቱ ኮምፒውተሮችን ፈልጎ ሥራ የሚያከፋፍል «ትል» መሥራታቸውን በጽሑፍ አሳወቁ። በጥቅምት 1981 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል ግን ገና ጨቅላ የነበረውን ኢንተርኔት አንቆ ያዘው፤ ተማሪውም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። የቤትና የቢሮ ኮምፒውተሮች ተራ የደረሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በመጋቢት 1991 የተነሳው «ሜሊሳ» በዎርድ ሰነድ ውስጥ ተሸሽጎ ከእያንዳንዱ ተጠቂ የአድራሻ ማውጫ የመጀመሪያዎቹን 50 አድራሻዎች ወስዶ ራሱን ላከላቸው። በዓመቱ የመጣው የፍቅር ደብዳቤ በ50 አልተወሰነም።

የትሉ ሙሉ ኮድ 10 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነበር። የተጻፈውም ቪዡዋል ቤዚክ ስክሪፕት በተባለ ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ትልቁ ዘዴው በፋይሉ ስም ላይ አረፈ። ስሙ «ሎቭ-ሌተር-ፎር-ዩ» ብሎ ይጀምርና ነጥብ አድርጎ «ቲ.ኤክስ.ቲ»፣ እንደገና ነጥብ አድርጎ «ቪ.ቢ.ኤስ» ይላል። የመጀመሪያው ቅጥያ ተራ ጽሑፍን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ግን ፋይሉ ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም መሆኑን ይናገራል። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ፋይሎች የመጨረሻ ቅጥያ እንዲደብቅ ሆኖ ስለሚሸጥ፣ ቅንብሩን ካልቀየረ በስተቀር ተጠቃሚው የሚያየው «ቲ.ኤክስ.ቲ» የሚለውን ብቻ ነበር። ጽሑፍ መስሎት ሁለቴ ሲጫነው ከዊንዶውስ 98 ጋር አብሮ የሚመጣው የስክሪፕት አስኪያጅ ኮዱን ተቀብሎ ያለ አንዳች ጥያቄ ሥራ ያስጀምረዋል።

ትሉ በመጀመሪያ የሚያደርገው መደላደል ነው። ሁለት ቅጂዎቹን በሲስተም ፎልደር፣ ሦስተኛውን ደግሞ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያኖራል። ለሁለቱ ቅጂዎች የሚሰጣቸው ስም የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ስም ስለሚመስል ለመሰረዝ እጅ አይደፍርም። ከዚያ የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚመዘገቡበት በሬጂስትሪ ውስጥ ስሙን ያስገባል፤ በዚህም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ቀጥሎ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን መነሻ ገጽ በማኒላ ካሉ አራት ገጾች ወደ አንዱ ያዞራል። ገጹ ሲከፈት ሌላ ፕሮግራም ይወርዳል። የዚህኛው ተግባር የተጠቃሚውን የይለፍ ቃሎች ለቅሞ በፊሊፒንስ ወደሚገኝ የኢሜይል አድራሻ መላክ ነው።

የመስፋፋቱ ሥራ የሚከናወነው በአውትሉክ በኩል ነው። ትሉ የኢሜይል ፕሮግራሙን ከውስጥ ያዘዋል፤ የአድራሻ ማውጫውን ይከፍታል፤ በዝርዝሩ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው በባለቤቱ ስም ያንኑ ደብዳቤ ይልካል። የላከለትንም ሰው ሁለተኛ እንዳይልክለት በሬጂስትሪ ይመዘግባል። ተቀባዮች ስለ ኢንተርኔት አደጋ የቱንም ያህል ቢሰሙ ላኪው አለቃቸው ወይም የሥራ ባልደረባቸው ነበርና አልጠረጠሩም። አውትሉክ በሌለበት ኮምፒውተር ትሉ ደብዳቤ መላክ አይችልም፤ የቀረውን ጥፋት ግን አይተውም።

ጥፋቱ በፋይሎች ላይ ነበር። ትሉ በኮምፒውተሩ ዲስኮችና በኔትወርክ በተጋሩ ፎልደሮች ሁሉ እየዞረ ፎቶግራፎችንና የድረ ገጽ መሥሪያ ፋይሎችን ይፈልጋል፤ ይዘታቸውን አጥፍቶም በራሱ ኮድ ይተካዋል። ፎቶዬን ልይ ብሎ የሚጫን ሰው ትሉን ዳግመኛ ያስነሳዋል። የኤም.ፒ.3 ሙዚቃዎችን ግን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በስማቸው የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል። ኤም.አይ.አር.ሲ የተባለው የውይይት ፕሮግራም ካገኘ ደግሞ ባለቤቱ ወደሚገባባቸው የውይይት ክፍሎች ራሱን የሚልክበት ትእዛዝ ያስገባለታል።

የብሪታንያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የኢሜይል አገልግሎቱን ለመዝጋት ተገደደ። የዴንማርክ ፓርላማ፣ ፔንታጎንና ሲ.አይ.ኤ እንኳ አላመለጡም። የፎርድ ኩባንያ ኢሜይሉን አቋረጠ። በሃምቡርግ የሚታተመው «አቤንድብላት» ጋዜጣ ከማኅደሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዲጂታል ፎቶግራፎች አጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የተጠቁት ኮምፒውተሮች 45 ሚሊዮን ገደማ፣ የጉዳቱም መጠን በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንደሚሆን ተገመተ። አብዛኛው ወጪ ኢሜይል በመዝጋት፣ ኮምፒውተሮችን በማጽዳትና በባከነ የሥራ ሰዓት የመጣ ነው። የይለፍ ቃል ሰራቂው ፕሮግራም የተቀመጠባቸው የማኒላ ገጾች ወዲያው ስለተዘጉ ስርቆቱ ብዙም ሳይሄድ ተገታ።

ምርመራው ማኒላ የደረሰው ቶሎ ነው። በኮዱ መግቢያ ላይ የጸሐፊው ቅጽል ስም «ስፓይደር»፣ «ግራመርሶፍት» የሚባል ቡድን እና የከተማዋ ስም ሰፍረዋል፤ ትምህርት ቤት መሄድ እንደሚጠላም ጸሐፊው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጽፏል። የኢንተርኔት አቅራቢው የስልክ መስመሩን ተከትሎ ፓንዳካን በተባለ የማኒላ ሰፈር የሚገኝ አንድ አፓርታማ ላይ ደረሰ። ሚያዝያ 30 ቀን የፊሊፒንስ ብሔራዊ ምርመራ ቢሮ ቤቱን ሲፈትሽ ኮምፒውተሩ የለም፤ የተገኙት ዲስኬቶች ናቸው። ቤቱ ውስጥ የተያዘው የባንክ ሠራተኛ በማስረጃ እጥረት ተለቀቀ። ዓይን ሁሉ ያረፈው በዚያው ቤት ይኖር በነበረው የእጮኛው ወንድም በኦኔል ደ ጉዝማን ላይ ሆነ።

ኦኔል የኤ.ኤም.ኤ ኮምፒውተር ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ለመመረቂያ ያቀረበው የጥናት ሐሳብ የሌላውን ሰው የኢንተርኔት የይለፍ ቃል በድብቅ የሚወስድ ፕሮግራም መሥራት ነው። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር እየተደወለ ሲሆን ሒሳቡም በሰዓት ይታሰባል፤ አቅም የሌለው ፊሊፒናዊ በሌላ ሰው የይለፍ ቃል በነፃ ይጠቀም የሚል ነበር መከራከሪያው። ኮሌጁ አልተቀበለውም። ሐሳቡን የገመገሙት መምህር ይህ ሕገ ወጥ እንደሆነ፣ ኮሌጁም ሌባ እንደማያሠለጥን በወረቀቱ ዳር ጻፉበት። ኦኔልም አልተመረቀም።

ግንቦት 3 ቀን ጋዜጠኞች ተጠሩ። ኦኔል ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ከእህቱ ጋር ገባ። አብዛኛውን ጥያቄ የመለሱት ጠበቃው ናቸው። ትሉን በስህተት ለቀኸው ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሊሆን ይችላል አለ። ለሃያ ዓመታት የዘለቀው ክርክር ከዚህች አጭር መልስ ተነሳ። አንዳንዶች ነገሩን ከቁጥጥር ያመለጠ የተማሪ ሙከራ አደረጉት። ሌሎች የግራመርሶፍት አባላት የጋራ ሥራ ነው ብለው የሌላ ተማሪ ስም ጨመሩበት። አውቆ ነው የለቀቀው ያሉትም ጥቂት አልነበሩም።

ፍርድ ቤት ቢቀርብ ኖሮ ክርክሩ ይለይለት ነበር። በፊሊፒንስ ግን የኮምፒውተር ትል መጻፍንና መልቀቅን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ በዋናነት ለክሬዲት ካርድ ማጭበርበር የወጣ ሕግ ለመጥቀስ ሞከረ፤ አልገጠመም። ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳ ሰኔ 7 ቀን 1992 የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕጉን ፈረሙ። ያ ሕግ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብነትንና ቫይረስን የሚቀጣ ቢሆንም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ነሐሴ 15 ቀን የፍትሕ ሚኒስቴር ክሱን ዘጋው፤ ኦኔልም ወደ ቤቱ ሄደ።

የሰውየው ጉዳይ ገና ሳይዘጋ የትሉ ዘሮች መባዛት ጀምረው ነበር። ኮዱ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ግልጽ ጽሑፍ ስለሆነ ርዕሱን ብቻ የቀየሩ አስመሳዮች በቀናት ውስጥ ፈሉ። አንዱ ቀልድ ልኬልሃለሁ ይላል፤ ሌላው የእናቶች ቀን ስጦታ ትእዛዝ ማረጋገጫ ነኝ ይላል። ማይክሮሶፍት አደገኛ የሆኑ አባሪ ፋይሎችን የሚያግድና ሌላ ፕሮግራም የአድራሻ ማውጫውን ሊነካ ሲል የሚያስጠነቅቅ ማሻሻያ ለአውትሉክ አወጣ። ኩባንያዎችም የኢሜይል ማጣሪያ መግዛት ጀመሩ።

ከሃያ ዓመታት ገደማ በኋላ ብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ጄፍ ዋይት «ክራይም ዶት ኮም» ለተሰኘው መጽሐፉ ኦኔልን ማኒላ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። ያ ተማሪ በ44 ዓመቱ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሞባይል ይጠግን ነበር። ትሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስሙ የተነሳው ሌላው ተማሪ የለበትም ሲል አመነ። በአነጋገሩ መሠረት የቀድሞው የይለፍ ቃል ሰራቂ በማኒላ ብቻ የተወሰነ ነበር። ያንን ገደብ አነሳ፤ በአድራሻ ማውጫ የሚስፋፋበትን ክፍል ጨመረ፤ ሰው ሁሉ ፍቅር ይሻል ብሎም ርዕሱን መረጠ። መጀመሪያ ሲንጋፖር ላለ ሰው ልኮ ከጓደኛው ጋር ሊጠጣ ወጣ። ዓለም መታመሷን የሰማው ፖሊስ በማኒላ አንድ ሰርጎ ገብ እየፈለገ መሆኑን እናቱ ሲነግሩት ነው። ኮምፒውተሩን የደበቁትም እናቱ ናቸው፤ ዲስኬቶቹ ግን ተረሱ።

ይህ ቃል ከኮዱ ጋር ይስማማል። ለማን እንደላከ መዝግቦ የሚይዝ፣ ለሚሸሸግባቸው ፋይሎች ስም የሚመርጥ፣ ኢሜይል ባይሠራ በውይይት ፕሮግራም የሚሞክር ፕሮግራም እንዲስፋፋ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ በስህተት አምልጧል የሚለው ትረካ ለዚህ ሁሉ ዝግጅት ምክንያት አያቀርብም። በሌላ በኩል ከለንደን ወይም ከኒው ዮርክ የተሰረቀ የኢንተርኔት የይለፍ ቃል ከማኒላ ለሚደውል ሰው እምብዛም ፋይዳ የለውም። እስከዚያ ድረስ መድረሱ ከጸሐፊው ስሌት ውጪ ነበር ማለት ይቻላል። መልቀቁ የታሰበበት፣ ስፋቱ ያልታሰበ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትሎች የሰውን ጣት መጠበቅ ትተዋል። በነሐሴ 1995 የተነሳው «ብላስተር» ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘና ማሻሻያ ያልተጫነለት ዊንዶውስ ማግኘቱ ይበቃው ነበር። በኅዳር 2001 የታየው «ኮንፊከር» የኔትወርክ ክፍተትንና ፍላሽን አጣምሮ ተጠቀመ። በግንቦት 2009 «ዋናክራይ» የኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ የማስከፈቻ ገንዘብ ሲጠይቅ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሥራ ተስተጓጎለ። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር።

በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀው መተላለፊያ ፍላሽ ነው። ፍላሹን በአንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ማግኘቱ የተለመደ ነው፤ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል፣ ሾርትከቱን መጫን ግን ትሉን ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ያሻግረዋል። በሕግ በኩል ፊሊፒንስን የገጠማት ክፍተት እዚህ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የኮምፒውተር ወንጀሎችን አካትቶ ነበር፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ጉዳት ለማድረስ የተሠራ ፕሮግራም አውቆ ማሰራጨትን ለይቶ ይቀጣል። ሕጉ የሚደርሰው ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚከላከሉት ማሻሻያዎችን በጊዜ መጫን፣ የፋይል ቅጥያ እንዲታይ ማድረግና የአስፈላጊ ፋይሎችን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ናቸው።