የአጠውልግ የዘር ሐረግ

የእንሰት አጠውልግ በሽታ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረው በ1968 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ «ፋይቶፓቶሎጂ» በተባለው የዕፀዋት በሽታ መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ እንሰቱን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም የሚል ስም ሰጡት።

ከዚያ ቀደም፣ በ1939፣ ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ስለ እንሰት መበስበስ ጽፎ ነበር። ብዙዎች ያንን ጽሑፍ የአጠውልግ የመጀመሪያ ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄን እመርጣለሁ። ተክል የሚጠወልግበትና የሚበሰብስበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በሽታ አምጪው ተለይቶ ባልታወቀበት ዘመን የተጻፈ የምልክት ገለጻ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። እንዲሁም ጽሑፍ አለመኖሩ በሽታው አልነበረም አያሰኝም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጋሞ ወይም በከፋ ጓሮ እንሰት ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚያየው ባለጓሮው ነው፤ እሱ ያየው ደግሞ መጽሔት ላይ አልወጣም። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይታጠፋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ያው ቢላዋ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው ካለፈ በሽታውን ይዞት ይሄዳል። ቤተሰቡ ለዓመታት የጠበቀው ቆጮና ቡላ በአንድ ወቅት ይጠፋል።

ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1974 ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸውና ነገሩ የሚያስደንቅ አልነበረም። በመካከሉ ግን የባክቴሪያው ስም ተቀየረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የባክቴሪያ ስያሜ ሕግ ሲጠብቅ፣ በቤተ ሙከራ ምርመራ ከዘመዶቻቸው ሊለዩ ያልቻሉ በርካታ የዛንቶሞናስ ዓይነቶች ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ በሚባል አንድ ዝርያ ሥር ተጠቃለሉ፤ መለያቸውም የሚያጠቁት ተክል ሆነ። በዚህ መንገድ የእንሰቱ ባክቴሪያ ጥቅል ጎመንን ከሚያጠቃው ጋር የአንድ ዝርያ አባል ተባለ። ይህ ለመዝገብ ያህል የተበጀ አከፋፈል ነበር። ሆኖም በመዝገብ ላይ አንዴ የሰፈረ ስም እንደ ዝምድና ይቆጠራል፤ ይህም ለሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ።

በ2001 በሽታው በኡጋንዳ፣ በሙኮኖ አውራጃ የሙዝ እርሻዎች ታየ። በዚያው ጊዜ ገደማ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሰሜን ኪቩ ተገኘ፤ ቀጥሎም በሩዋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በቡሩንዲ ተመዘገበ። ሙዝ ዕለታዊ ምግብ በሆነበት አገር ይህ ከባድ አደጋ ነበር። የምርምሩን ጥያቄ ያጣደፈውም ይኸው ነው፦ ባክቴሪያው ከየት መጣ? አንዴ ነው የመጣው ወይስ ደጋግሞ?

በመጀመሪያ የፈረሰው የ1970ዎቹ ስም ነው። በ2008 አሪቱዋና ባልደረቦቹ የባክቴሪያውን የስብ አሲድ ይዘት፣ የዲኤንኤ አሻራና ጋይሬዝ ቢ የተባለውን ጂን መርምረው፣ የእንሰቱና የሙዙ ባክቴሪያ ለዛንቶሞናስ ቫሲኮላ እንደሚቀርብ አሳዩ። የዚህ ዝርያ ሌሎች አባላት ማሽላን፣ በቆሎንና ሸንኮራ አገዳን ያጠቃሉ። ባክቴሪያው ወደዚህ ዝርያ መዛወሩ በይፋ የጸደቀው በ2020 ነው። እንሰትን የሚያጠቃው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶቹ የሣር ወገን የሆኑ ሰብሎችን የሚያጠቁ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ባክቴሪያው በሆነ ዘመን ከአንዱ የተክል ወገን ወደ ሌላው መሸጋገሩን ይጠቁማል። መቼ፣ ከየትኛው ወደ የትኛው የሚለውን ግን ዝምድናው ብቻውን አይነግረንም።

ለመምጫው ጥያቄ ሙሉው ጂኖም አስፈለገ። ባክቴሪያ የሚበዛው ለሁለት በመከፈል ነው፤ በየትውልዱ ዲኤንኤው ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ነጠላ ስፍራ ይሳሳታል፣ ስህተቱም ወደ ዘሩ ሁሉ ያልፋል። የብራና ጽሑፍ አጥኚ ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት የጸሐፊ ስህተት ሲኖራቸው ከአንድ እናት ቅጂ መገልበጣቸውን እንደሚያውቅ፣ የዘረመል ተመራማሪውም እነዚህን ስህተቶች ይከተላል። በ2012 ዋሱኪራና ባልደረቦቹ የምሥራቅ አፍሪካን ናሙናዎች በዚህ መንገድ ሲያነጻጽሩ ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ቢሆንም በሁለት ንዑስ ሐረጎች ተከፈሉ። አንደኛው የኮንጎና የሩዋንዳ ሲሆን የኢትዮጵያውም ናሙና ከእነሱ ጋር ነበር። ሁለተኛው የኡጋንዳ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የቡሩንዲ ነበር። ወረርሽኙ ከአንድ በላይ መግቢያ ሳይኖረው አልቀረም፣ ምንጩም ኢትዮጵያ ልትሆን ትችላለች የሚለው ግምት የተነሣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው መቆም አለበት። እንሰት በሰፊው የሚበላባት፣ በሽታውም ከሁሉ በፊት የተመዘገበባት አገር በጥቂት ናሙና ብቻ ተወክላ ነበር። ከሌላው ወገን በርካታ፣ ከእሷ ጥቂት ይዞ የዘር ሐረግ መሳል፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠይቆ የአገር ታሪክ እንደመጻፍ ነው።

ጉድለቱን የሞላው በ2021 የታተመው የናካቶና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። 97 ናሙናዎችን መረመሩ፤ የ15ቱንም ሙሉ ጂኖም አነበቡ። ሁለተኛው ንዑስ ሐረግ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ከሁለቱ በተጨማሪ አራት አዳዲስ ሐረጎችም ታወቁ። ኮንጎ ውስጥም ቀድሞ ያልታየው ሁለተኛው ሐረግ ተገኘ፤ ስለዚህ የ2012ቱ የአገሮች ክፍፍል ያሰቡትን ያህል ጥርት ያለ አልነበረም። ሙዙን ያወደሙት ባክቴሪያዎች በእንሰት አገር ከሚኖር ሰፊ ክምችት የወጡ ጥቂቶች ይመስላሉ። በማን እጅ፣ በየትኛው መንገድ ወጡ ለሚለው ጂኖም መልስ የለውም፤ ችግኝ በሰው፣ በሽታም በቢላዋና በነፍሳት ይሄዳልና።

ይህ የባክቴሪያ ሐረጎች ልዩነት ለገበሬው ተራ ነገር አይደለም። ማዚያ የሚባለው የእንሰት ዓይነት አጠውልግን ከብዙዎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም በሙከራ ታይቷል። ተመራማሪው በሽታን የሚቋቋም ችግኝ ብሎ ሲያከፋፍል፣ በየትኞቹ የባክቴሪያ ሐረጎች እንደፈተነው አብሮ መናገር አለበት፤ በአንዱ ሐረግ ብቻ የተፈተነ እንሰት ሌላኛው ሐረግ ባለበት ጓሮ ሊተከል ይችላልና።