ቃርሚያው የማን ነው?

በዓለ ኀምሳ በእኛ አቈጣጠር ከግንቦት 15 በፊት፣ ከሰኔ 19 በኋላ አይውልም። ያን ጊዜ ባብዛኛው አገራችን ጎተራው ተሟጧል፤ ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ እርሻ ላይ ነው። ታዲያ ይህ በዓል ጥንት የመከር በዓል ነበር ሲሉን ግር ይለናል። የምን መከር?

አይሁድ ከፋሲካ በኋላ ሰባት ሱባዔ ቆጥረው፣ በኀምሳኛው ቀን ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ሁለት የእርሾ እንጀራ ለእግዚአብሔር ያቀርቡ ነበር። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌ በዓሉን እስከ ኖኅ ኪዳን ያደርሰዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ግን የበዓሉን ሥርዓት እንደ ጨረሰ አንድ ትእዛዝ ያስከትላል፤ አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ አሟጦ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው። ልብ እንበል! ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ ነው። ሞዓባዊቱ ሩት ከቦዔዝ እርሻ የገባችው በዚሁ ሕግ ነው። አይሁድም በዚህ በዓል መጽሐፈ ሩትን ያነባሉ።

ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት በዚያው በዓል ቀን ነው። ከየአገሩ የመጣው ሁሉ በየቋንቋው ሰማ፤ ሦስት ሺህ ያህል ነፍስም ተጨመረ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ምዕራፉ ግን የሚያበቃው አማንያኑ ያላቸውን እየሸጡ ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ሲያካፍሉ ነው። ነዶው ተለወጠ እንጂ የቃርሚያው ሕግ አልተሻረም።

በአገራችንስ ይህ ሕግ እንዴት ሆነ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጋሞ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ገበሬው ገባር ሆነ። በኦሪት ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድኻ አደጉና ለመበለቲቱ የታዘዘችው አሥራት የመንግሥት ግብር ስም ሆነች። የሚሰበስባትም ጌታ ጾም የሚጾም፣ በዓል የሚያከብር ክርስቲያን ነበር። ጭሰኝነት በሕግ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ከሩቅ በመጣ ጌታ ላይ መጣል ግን ይቀላል። በጋሞ ደጋ ማና የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ማላ ከሚባለው ገበሬ ጋር አይጋቡም ነበር፤ በዱቡሻው ሸንጎም እንደ እርሱ እኩል አይቆጠሩም ነበር። የምንበላበትን ገል የሠራ እጅ ከማዕዱ ሲርቅ፣ ያ ቃርሚያ ነው ወይስ ግፍ?

ከዚያው ከጋሞ ደግሞ ሌላም አይተናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቱ ተቆጥቶ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ እነርሱን ረግጦ ማለፍ አልቻለም፤ ተመለሰ። በመካከላቸው የሚኖረው መጻተኛም ተረፈ። ቀኑ በዓለ ኀምሳ አልነበረም፤ ቦታውም መቅደስ አልነበረም። ለመጻተኛው የተተወው የእርሻ ዳርቻ ግን እንዲያ ያለ ነው እንላለን።

እኛ ተማሪዎችስ? ከየማዕዘኑ መጥተን፣ በየቋንቋችን እያወራን በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ በአንድ አዳራሽ እንበላለን። ነገ ዲግሪው መከራችን ነው፤ ዘሩን የዘራው ግን አብዛኛው የገበሬና የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪም ወገን ነው። ነዶውን ሁሉ ጠራርገን ወደ ጎተራችን ካስገባን በዓሉን አከበርን ማለት ዘበት ነው። እንግዲህ በሚመጣው በዓለ ኀምሳ ከመዘመራችን በፊት እንጠያየቅ፤ ዳርቻውን ለማን ተውን?