ገላውዴዎስ፥ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ጸሐፊ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ከቁጥር 1 እስከ 4 ያለውን ለማስረዳት የተጻፈ ታሪክ

ወንጌላዊው ሉቃስ ለቴዎፍሎስ በጻፈው መግቢያ ነገሩን ከዓይን ምስክሮች ተቀብሎ፥ መርምሮ እንደ ጻፈ ይናገራል። ስለዚህ የጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራው ምስክር ሳይሞት መጠየቅ ነው። ለዚህም በአገራችን አብነት የሚሆን ገላውዴዎስ ነው።

ታሪክ፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከታላላቅ ሰዎች ወገን ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበረ። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ በተቀበሉ ጊዜ፥ እርሷ አስቀድማ ቤቷን ትታ መንኵሳ ነበርና የአባቶቿን ሃይማኖት አልለቅም ብላ ጸናች። ስለዚህም በሸንጎ ቆመች፤ ወደ ዠበይ ቆላም ሦስት ዓመት ተጋዘች። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላ በጣና ዙሪያ ማኅበር ስታቀና ኖራ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ መቃብሯም በሬማ ደሴት ነው።

ከዕረፍቷ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። የማትለያት ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ዐረፈች፤ ያዩአት ሰዎችም እየጥቂቱ አለቁ። ነገሩ ከእነርሱ ጋር ሊቀበር በደረሰ ጊዜ፥ በዐፄ ዮሐንስ ዘመነ መንግሥት በ1665 ዓ.ም. ገላውዴዎስ ተነሥቶ ከሚያውቋት የሰማውን በግእዝ ጻፈ። ተአምራቷን ብቻ አልጻፈም፤ ሕመሟንና ስደቷን፥ የባለጠጋ ልጅ ስትሆን እንደ አገልጋይ መሥራቷን፥ በማኅበሩ ላይ የወረደውንም ቸነፈር ጽፏል። ለእርሷም ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ሰላም እያለ፥ በአምስት በአምስት ስንኝ ቤት የሚመታ መልክዕ ተደርሶላታል።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ዮሐንስ ሚልተን የሚባል ባለቅኔ ነበረ። ዓይኑ ከታወረ በኋላ የአዳምን ውድቀት በግጥም እየተናገረ ሌሎች ጻፉለት፤ መጽሐፉም የገላውዴዎስ ገድል ከመጻፉ አምስት ዓመት ቀድሞ ታተመ። የሚልተን ልደቱ፥ ትምህርቱ፥ ሹመቱና እስራቱ በብዙ መጻሕፍት ተነግሯል። ገላውዴዎስ ግን ስለ ራሱ ጥቂት፥ ስለ እናቱ ብዙ ተናግሮ ዐረፈ። የሕይወቱ ታሪክ መጽሐፉ ነው።

ይህን መጽሐፍ ባይጽፍ ኖሮ፥ ከሐሙሲት በስተ ምዕራብ በጣና ዳር በቆራጣ በስሟ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ ማን እንደ ነበረች የሚያውቁ ምን ያህል ይቀሩ ነበር?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በየደብሩ ያዩትንና የሰሙትን የሚያውቁ ሽማግሎችና እማሆዮች ገና አሉ። ብራናና ቀለም ስላላቸው መጻሕፍት ብቻ አትመካ፤ ሳይመሽ ሄደህ ጠይቅ፥ የነገሩህንም ጻፍ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።