በር ላይ የተለጠፈ እምነት፦ ከኮፕልማን ጋር አንድ ክርክር

ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ሠርግ አንሠራም ስላሉት ስለ ኮሎራዶው ኬክ ጋጋሪና ስለ ድረ ገጽ ሠሪዋ ብዙ ተጽፏል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማስተርፒስ ኬክሾፕ ጉዳይ ለጋጋሪው ሲፈርድ ምክንያቱ የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን እምነቱን አንቋሿል የሚል ነበር፤ ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ታለፈ። በ2023 በ303 ክሪኤቲቭ ጉዳይ ለድረ ገጽ ሠሪዋ 6 ለ3 ሲወስን ደግሞ የተመረኮዘው በንግግር ነፃነት እንጂ በሃይማኖት ነፃነት ላይ አይደለም። ለያዝነው ነገር ይህ ይበቃል።

ክርክሬ ከአንድሩ ኮፕልማን ጋር ነው። የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን መብት ሲደግፉ የኖሩት እኚህ የሕግ ምሁር በ2020 በታተመው መጽሐፋቸው የማስታረቂያ ሐሳብ አቅርበዋል። እምነቱ ለእንዲህ ያለ ሠርግ መሥራትን የሚከለክለው ነጋዴ አቋሙን አስቀድሞ በይፋ ካሳወቀ ሕጉ ይለፈው ባይ ናቸው። ደንበኛው ሳያስበው ከመዋረድ ይድናል፤ ገበያ እንደሚርቀው እያወቀ ይህን የሚደፍር ነጋዴም ጥቂት ይሆናል። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል።

በዚህ ክርክር ተገቢውን ቦታ ያላገኘ ምንጭ ግን አለ፤ የ1968ቱ የመኖሪያ ቤት ሕግ። ሕጉ ከአራት የማይበልጡ ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ራሱም የሚኖረውን አከራይ ከአድልዎ ክልከላው አውጥቶታል፤ በተለምዶ የወይዘሮ መርፊ ልዩ ሁኔታ የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ያው አከራይ “እገሌን አላስገባም” የሚል ማስታወቂያ እንዳያወጣ አንቀጽ 3604 ንዑስ ፊደል ሐ ይከለክለዋል። ድርጊቱን የታለፈለት ሰው ማስታወቂያው አልታለፈለትም። ኮፕልማን የሚሹት የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። የኮሎራዶ ሕግም እንዲሁ አገልግሎት እንደሚነፈግ የሚገልጽ ጽሑፍ ማውጣትን ለብቻው ይከለክላል፤ የድረ ገጽ ሠሪዋ ክስ ይህንንም ድንጋጌ ይነካ ነበር።

የሐሳቡ ዘመድ ሜዳ ላይም ተሞክሮ ነበር፤ ለመሞከር ታስቦ ነበር ማለቱ ይሻላል። በሚኒያፖሊስ ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ፣ አብዛኞቹ ሶማሌ የሆኑ ሙስሊም የታክሲ ሾፌሮች አልኮል የያዘ መንገደኛ አንጭንም አሉ። የማረፊያው ኮሚሽን በ2006 እነዚህ ታክሲዎች ጣሪያቸው ላይ የተለየ ቀለም ያለው መብራት ያድርጉ የሚል ዕቅድ አወጣ። የሕዝቡ ቁጣ ዕቅዱን ገና ሳይጀመር አስቀረው፤ በ2007 በምትኩ ፈቃድ የሚያሳግድ ቅጣት መጣ። አልኮል መያዝ ማንነት አይደለም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ቀላሉ ጉዳይ ማስታወቂያውን ካልቻለ ከባዱ እንዴት ሊችለው ነው?

ገበያው ይቀጣዋል የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያስኬድም። በደቡብ ካሮላይና የፒጊ ፓርክ ባርቤኪው ቤቶች ባለቤት ሞሪስ ቤሲንገር፣ ጥቁሮችን ከነጮች እኩል እንዲያስተናግድ የሚያዘው የ1964ቱ ሕግ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ይጻረራል ብሎ ተሟግቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መከራከሪያውን ፍሬ ቢስ አድርጎ በግርጌ ማስታወሻ የዘጋው በመጋቢት 1968 ነው፤ የመኖሪያ ቤቱ ሕግ የወጣው በተከታዩ ወር። ይኸው ሰው በ2000 በምግብ ቤቶቹ የኮንፌዴሬቱን ባንዲራ ሲሰቅል ታላላቅ ሱፐርማርኬቶች ሶሱን ከመደርደሪያ አነሡበት፤ ባንዲራውን ግን አላወረደም። ዋጋ መክፈልን እንደ ክብር የሚቆጥር ሰው መኖሩን የገበያ ስሌት አይይዘውም።

እርግጥ ነው፣ ስለ መኖሪያ ቤቱ ሕግ ያቀረብኩት ንባብ ከሕጉ ቃል የተወሰደ እንጂ ከአውጪዎቹ ልብ የተቀዳ አይደለም፤ ቤት ማከራየትና ኬክ መጋገርም አንድ አይደሉም። ሆኖም ለብቻው ለሚሠራ አነስተኛ ነጋዴ ልዩ ሁኔታ ልስጥ የሚል ሕግ አውጪ ቢኖር፣ መለኪያው የድርጅቱ መጠንና ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚሠራ መሆኑ ይሁን፤ በሩ ላይ የሚለጥፈው ጽሑፍ ግን በ1968 እንደተደረገው ይከልከል።